ያንተውማ አለልህ!

ጭሮ ላይ ፍየል ቢሰረቅ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ምስክር ይጠራል፣ ካሣ ይቆረጣል። ዝርዝር ቢሰረቅ ግን ነገሩ ሳቅ ነው። «አቦ፣ ምን ያስጮህሃል? ያንተውማ አለልህ!» ይባላል ባለቤቱ። ሐሰት አይደለም፣ አለለት። ስንት ምሽት አምሽቶ ያጠናቀረው የስልክና የዋጋ ዝርዝር ከኮምፒውተሩ ውልፍት አላለም። ብቻ ከሚኤሶ እስከ ሂርና ባለ ሰው ስልክ ሁሉ ገብቷል፤ ያውም ከግርጌው የሌላ ሰው ስም፣ የሌላ ሰው የቴሌግራም ቻናል ተለጥፎበት። ፍየል የሰረቀ ቢያንስ ይደበቃል። ዝርዝር የሰረቀ ግን ተከታይ ያፈራል፣ «ተባረክ ወንድማችን» ይባልለታል።

የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ኑሮ በዝርዝር የተንጠለጠለ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። የትኛው ገበሬ ጫቱን መቼ እንደሚያስቆርጥ፣ የትኛው አይሱዙ በስንት ሰዓት ወደ የት እንደሚነሳ የሚያውቅ ሰው አለ፤ እውቀቱ ያለው ደብተሩ ላይ ነው። የሰንጋ ደላላው ማን አድልቦ እንደጨረሰ፣ ማን ገና እንደሚቀረው በቀበሌ በቀበሌ ጽፎ ይዟል። ገለምሶ፣ በደሳና መቻራ ያለው ቡና ሰብሳቢ ዘንድሮ ከማን ምን ያህል ጀንፈል እንደሚጠብቅ ያውቃል። የባጃጅ ተራ አስከባሪው መዝገብ አለው፣ የዕቁብ ጸሐፊው መዝገብ አለው፣ ባለሱቁ የዱቤ ደብተር አለው። ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ዙሪያ ያለው ኮፒ ቤት ደግሞ የየትምህርት ክፍሉን ሃንድአውት በፎልደር በፎልደር ከፋፍሎ ተቀምጧል። ሥራ የሚያንቀሳቅሰው፣ ሰውን ከሰው የሚያገናኘው ይኸው ነው። ሆኖም «የማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ሁሉም ትከሻውን ይሰብቃል።

ዝርዝር ማዘጋጀት ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው። በአገራችን ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው። በእኛ አካባቢ ደግሞ ከሙሐመድና ከአሕመድ የተረፈው አብዲ ነው። ስለዚህ ስልካችን ላይ ሙሐመድ ሰንጋ፣ ሙሐመድ ባጃጅ፣ ሙሐመድ ቁኒ፣ ሙሐመድ ረጅሙ ብለን እንመዘግባለን። ይህን ሁሉ ወደ አንድ ሠንጠረዥ የሚያመጣ ሰው ሙሐመድ ሰንጋና ሙሐመድ ቁኒ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያውቀው፣ በሁለቱም ቁጥር ደውሎ በአንድ ድምፅ ሲሰደብ ነው። ሲሙም ሁለት ሁለት ነው፤ በ09 የሚጀምረው የኢትዮ ቴሌኮም፣ በ07 የሚጀምረው የሳፋሪኮም። አንዱ ለቤተሰብ፣ ሌላው ለአበዳሪ ይሆናል፤ የትኛው ለማን እንደሆነ ግን ባለቤቱ አይናገርም።

የአጻጻፉስ ጣጣ! ስሙ በቁቤ ሲጻፍ አንድ ዓይነት፣ በፊደል ሲጻፍ ሌላ ዓይነት ሆኖ ይመጣል። የከተማችን ስም ራሱ በአንዱ ሰነድ ጭሮ፣ በሌላው አሰበ ተፈሪ ነው፤ በከተማ ስም የደረደረ ሰው አንዷን ከተማ ሁለት ቦታ ያገኛታል። አድራሻ የሚባለው ዓምድማ አይነሳ። መንገዱ ስም፣ ቤቱ ቁጥር ስለሌለው «ከመስጊዱ ጀርባ፣ ከወፍጮው ዝቅ ብሎ» ተብሎ ይሞላል። ወፍጮ ቤቱ ተዘግቶ ፋርማሲ ከሆነ በኋላም «ከወፍጮው ዝቅ ብሎ» መባሉ ይቀጥላል። ይህን የሚያጣራ፣ የሞተውን የሚሰርዝ፣ የተዛወረውን የሚያዛውር፣ በየሳምንቱ ደውሎ «አሁንም ሰንጋ ላይ ነህ?» እያለ የሚጠይቅ ሰው አየር ሰዓቱን ከኪሱ ነው የሚሞላው።

ድካሙ ሁሉ ግን በሌላው ሰው ጣት አንድ ጊዜ ተነክቶ ይሻገራል። ፎርዋርድ ነው፣ አለቀ። ወይም ደግሞ ባለዝርዝሩ ራሱ ፕሪንት ሊያስደርግ በፍላሽ ይዞ ኮፒ ቤት ይሄዳል፤ ፋይሉ ከፍላሹ ወደ ዴስክቶፕ ይወርድና እዚያው ይቀራል። በነጋታው ያው ዝርዝር በገጽ ዋጋ ይሸጣል። «ይህ እኮ የኔ ነው» ሲባል መልሱ የተዘጋጀ ነው፤ «ወንድሜ፣ እኔ የምሸጠው ወረቀትና ቀለም ነው።» በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ከተጀመረ ወዲህማ ይህ ዓይነቱ ንግድ ደርቷል። አንዱ ተማሪ ለመለማመጃ የሚሆኑ ጥያቄዎችን ከመምህራን ሃንድአውት እየለቀመ፣ በኮርስ በኮርስ እየለየ፣ የከበደውን ከቀለለው እያስቀደመ ያዘጋጃል። ኮፒ ቤቱ በስፓይራል ይጠርዘዋል። ጥያቄውን ያወጣው መምህር ስም የለም፣ የለየው ተማሪ ስም የለም፤ ሽፋኑ ላይ ያለው የኮፒ ቤቱ ስልክ ቁጥር ብቻ ነው።

«ሕግ የለም እንዴ?» የሚል ይኖራል። አለ እንጂ! በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ዳታቤዝን ሳይረሳ አንስቶታል። አንቀጽ 4 የሥራዎችን ስብስብም ሆነ የተራ መረጃን ስብስብ፣ በኮምፒውተር የሚነበብም ይሁን በሌላ መልክ ያለ፣ እንደ አንድ ሥራ ይጠብቃል። ደስ ብሎን ሳንጨርስ ግን ሁኔታው ይከተላል፤ ስብስቡ በይዘቱ አመራረጥ ወይም አደራደር ወጥ መሆን አለበት። ወረድ ብሎ አንቀጽ 5 ተራ መረጃ፣ ለጠቅላላ አገልግሎት የሚውሉ የቁጥር ሠንጠረዦችና ቅጾች ጥበቃ እንደሌላቸው ይደነግጋል። ምዝገባ እንኳ አያስፈልግም፤ ሥራው ወጥ ከሆነና በወረቀት ወይም በኮምፒውተር ከሰፈረ መብቱ ያኔውኑ ይወለዳል። ጭሮ ላለ ሰው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ቢሮ ደጅ መጥናት ስለማይጠበቅበት ይህቺ እንኳ ደግ ናት። ጣጣው ያለው «ወጥ» የምትለው ላይ ነው።

ወደ ሰፈራችን ስናመጣው እንዲህ ነው። የሙሐመድ ሰንጋ ስምና ስልክ የማንም ንብረት አይደለም። እሱን ፈልጎ ማግኘትም፣ በሁለት ቁጥር ደውሎ መሰደብም መብት አያስገኝም። መብት የሚያስገኘው ሙሐመድን ከሌሎቹ ጋር ያስቀመጡበት አኳኋን ከራስ ጭንቅላት የፈለቀ ሲሆን ነው። እስቲ የስልክ ዝርዝር በምን ይደረደራል? ወይ በፊደል ተራ፣ ወይ በከተማ፣ ወይ በሥራ ዓይነት። ሁሉም ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነውና ወጥነት የለውም ይባላል። ሰው እንዲያገኘው አድርጎ ከደረደረው ወጥ አይደለም፤ ወጥ እንዲሆን ብሎ በራሱ አምሮት ከደረደረው ደግሞ የሚያገኘው የለም። ሕጉ የሚጠብቀው የማይጠቅመውን ዝርዝር ነው፤ የሚጠቅመውን ለወሰደ ሁሉ ክፍት ትቶታል።

ያ ተማሪ ያዘጋጀው የጥያቄ ስብስብ ግን ይህን መስፈርት ያልፋል እላለሁ። መርጧል፣ ለይቷል፣ በራሱ ሚዛን ቅደም ተከተል ሰጥቷል። ታዲያ ምን ጠቀመው? አዋጁ ሲወጣ ያስቀመጠውን ቅጣት እዩት። ሆን ብሎ መብት የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ በከባድ ቸልተኝነት ከሆነ ከ1 እስከ 5 ዓመት። የሞራል ካሣው ከ100 ሺህ ብር ሊያንስ አይችልም። ወረቀት ላይ ያስደነግጣል። አንድ ግቢ ቡና አብሮ የሚጠጣን የኮፒ ቤት ልጅ በአንድ ጥራዝ ምክንያት ለ5 ዓመት ቃሊቲ ማን ይልካል? ሽማግሌ «ይቅር በለው» ይላል፣ እናት ታለቅሳለች፣ ፖሊስ «እስቲ ተነጋገሩ» ይላል። ቅጣቱ እጅግ ከመክበዱ የተነሳ ማንም አያነሳውም። ቀለል ያለ መቀጮ ቢሆን ኖሮ ስንቱ እጁን በሰበሰበ! የጥበቃው ዘመንም ለጉድ ነው፤ የደራሲው ዕድሜ ልክና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ሙሐመድ ሰንጋ ስልኩን ያነሳል ብሎ የጠበቀ ሰው ያለ አይመስለኝም።

የእኛ ሕግ ብቻ ጨክኖ ነው እንዳልል የሌላውም አገር ታሪክ ያው ነው። አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ ሩራል የተባለ የገጠር ስልክ ድርጅት የደንበኞቹን ማውጫ ያሳትም ነበር። ፋይስት የተባለ አሳታሚ ሰፋ ያለ ማውጫ ሊያዘጋጅ ፈልጎ «ገንዘብ ልክፈልና ስጠኝ» ቢለው እምቢ አለው። ፋይስትም ያለ ፈቃድ ገለበጠ። ሩራል ለካስ ወጥመድ አጥምዶ ኖሯል፤ በማውጫው ውስጥ የሌሉ ሰዎችን ስም ሰግስጎበት ነበር። እንዳሉ ከተገለበጡት 1,309 ስሞች መካከል 4ቱ እነዚያው ያልተፈጠሩ ሰዎች ሆነው ተገኙ። እጅ ከፍንጅ ማለት ይህ ነው። ነገር ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1991 እ.ኤ.አ. ፋይስት አላጠፋም አለ። ስምን በፊደል ተራ መደርደር ፈጠራ አይደለም፤ ላብ ብቻውን የቅጅ መብት አያስገኝም፤ እውነታ የሁሉም ነው። እኛም ዘንድ ሌባ ለመያዝ ብለው ያልተፈጠረ ሙሐመድ የሚጨምሩ አሉ። ምክሬ ባጭሩ ነው፤ አትድከሙ፣ ያንንም ሙሐመድ ይገለብጡታል።

አውሮፓውያን ደግሞ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ ለላብም ዋጋ ቆረጡለት። መረጃ ለማግኘት፣ ለማጣራት ወይም ለማቅረብ ከፍ ያለ ገንዘብ፣ ጉልበት ወይም ጊዜ ያፈሰሰ ሰው፣ ዝርዝሩ ወጥ ባይሆንም ሌላው ሙሉውን ወይም ጉልህ ክፍሉን እንዳይወስድበት ለ15 ዓመት መከልከል ይችላል። ይህን ያነበበ የእኛ ሰው ምራቁን ይውጣል። ቆይ ግን! መብቱ ለአውሮፓ ኅብረት ሰዎችና ድርጅቶች ነው፤ ከውጭ ያለ አገር ስምምነት ካልተፈራረመ በቀር አይገባበትም። የጭሮ ዝርዝር ፓሪስ ላይ ቢገለበጥ ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

እዚያም ቢሆን ነገሩ አልጋ በአልጋ አልሆነም። የእንግሊዝ የፈረስ እሽቅድምድም ቦርድ የውድድሮቹን ዝርዝር ለማዘጋጀትና ለመያዝ በየዓመቱ 4 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ያወጣ ነበር። ዊሊያም ሂል የተባለው አቋማሪ ድርጅት የፈረሶቹን ስምና የውድድሩን ሰዓት እየወሰደ ኢንተርኔት ላይ ማቋመሪያ ሲያደርገው ከሰሰው። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2004 እ.ኤ.አ. ቦርዱን አላዳነውም። መረጃን ራስህ ስትፈጥር ያወጣኸው ወጪ አይቆጠርም፣ የሚቆጠረው ያለን መረጃ ፈልጎ ለማሰባሰብ ያወጣኸው ነው አለ። እዚህ ላይ ለእኛው ባለዝርዝር የምታደላ ፍርድ ናት፤ እሱ ሙሐመድን አልፈጠረውም፣ ፈልጎ ነው ያገኘው። ይሁንና የአውሮፓ ኮሚሽን ራሱ በ2018 እ.ኤ.አ. መመሪያውን ሲመዝን፣ ይህ ልዩ መብት አዲስ ዳታቤዝ እንዲበዛ ስለማድረጉ ማስረጃ አላገኘም።

ስለዚህ «እኛም እንደ አውሮፓ ይደረግልን» ለሚሉ ወዳጆቼ ቀስ በሉ እላለሁ። እንዲህ ያለ መብት ቢመጣ ደብተር የያዘው ደላላ የሚደርስበት አይመስለኝም። ቀድመው የሚጨብጡት ትልልቅ መዝገብ ያላቸው፣ ጠበቃ የሚያቆሙ ናቸው። ያኔ የገዛ ስልካችንን ከገዛ አገልግሎት ሰጪያችን በክፍያ ልንለምን ነው። በተቋጠረ ገመድ ላይ ሌላ ቋጠሮ መጨመር ነው የሚሆነው።

መዝገብ ካነሳን አይቀር ስለ ቢሮዎች ሳላማርር ማለፍ ይከብደኛል። ባለፈው ሳምንት ለአንዱ መስኮት የሰጠነውን የአያት ስም፣ የቀበሌ መታወቂያ ቅጂና ጉርድ ፎቶ ዛሬም ለሚቀጥለው መስኮት እንሰጣለን። መስኮቶቹ ጎን ለጎን ናቸው፤ አይተዋወቁም። «ቀድሞ ሰጥቻለሁ እኮ» ያለ ሰው «ፋይልዎ አልተገኘም» ወይም «ሲስተም የለም» ይባላል። እንግዲህ ስንሰጥ እንዲህ ነው። ስንጠይቅ ደግሞ ተቃራኒው ነው። በከተማው ስንት ፋርማሲ ፈቃድ እንዳለው፣ የትኛው ወፍጮ ቤት ፈቃዱ እንደታደሰለት የሚገልጽ ተራ ዝርዝር ስንጠይቅ ነገሩ የመንግሥት ምስጢር ሆኖ ያርፈዋል። «ደብዳቤ አምጡ» ይባላል። ደብዳቤው ሲመጣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይሆናል።

የሚያስቀው ሕጉ እዚህ ላይ ከእኛ ጋር መቆሙ ነው። ያው አዋጅ 410 የሕግ፣ የአስተዳደርና የፍርድ ይፋ ጽሑፎችን ከጥበቃ ውጭ አድርጓቸዋል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ ማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ መጠየቅ እንደሚችል፣ ምላሹም ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት እንዳለበት ደንግጓል። 30 ቀን! ባለጉዳይ ቀኑን የሚቆጥረው በጨረቃ ነው፣ ባለሥልጣኑ በስብሰባ ነው። ሲፈለግ ግን መረጃ መበተን እንደሚቻል ታይቷል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በዚያው በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ የግብይት ዋጋን በገጠር ከተሞች ባቆማቸው ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎችና በስልክ ለሁሉም ያሰማ ነበር። ዋጋውን ገበሬም ነጋዴም እኩል ሰማ፤ ሰማይ አልተደረመሰም።

የሚያንገበግበኝ ሌላም አለ። መንግሥት ሲፈልግ ወጥ ያልሆነውንም መጠበቅ ያውቅበታል። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ላይ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክቶ፣ ከስታርባክስ ጋር ከተሟገተ በኋላ በ2007 እ.ኤ.አ. ስምምነት ላይ ተደርሷል። «ሐረር» የሚለውን ስም የፈጠረው የለም፤ ስሙን ያስከበረው የገበሬው የዘመናት ድካም ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ደግሞ ማኅበረሰቡ በዘረመል ሀብቱና በእውቀቱ ላይ ያለውን መብት አውቆለታል። የሐረርጌ ገበሬ የትኛው ማሽላ ለየትኛው ዝናብ እንደሚሆን ለይቶ ማወቁ ከማንም «ወጥነት» ሳይጠየቅ መብት ተብሏል። ድካም ዋጋ ያለው ጅምላ ሲሆን ነው ማለት ነው? ስሙ በዓለም የተመዘገበው ቡና የት ጓሮ፣ በማን እጅ፣ በምን ወቅት እንደሚለቀም የመዘገበው የበደሳ ሰብሳቢ ደብተር ግን ተራ መረጃ ነው።

አሁን ባለዝርዝሮቹ ፊታቸውን የሚያዞሩብኝን ነገር ልናገር። ሙሐመድ ሰንጋን የጠየቀው ማን ነው? ስሙና ስልኩ በስንቱ እጅ ሲዞር እሱ የሚያውቀው በሌሊት ሲደወልለት ነው። «ስልኬን ማን ሰጠህ?» ይላል፤ ደዋዩ «ቻናል ላይ አግኝቼው ነው፣ ይቅርታ ኦቦ» ይላል። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። የሰውን ስምና ስልክ መሰብሰብና ማሰራጨት ፈቃድን ወይም ሌላ ሕጋዊ ምክንያትን ይጠይቃል። ስለዚህ «ዝርዝሬ ተሰረቀ» ብሎ የሚያለቅሰው ሰው ሳይጠይቅ ሰብስቦ ከሆነ ዕንባው ግማሽ ነው። ሌላው ሳይጠይቅ ከእሱ ወሰደ፤ እሱም ሳይጠይቅ ከሙሐመድ ወስዷል። ሙሐመድ ብቻ ነው ከማንም ያልወሰደው፤ እንቅልፉን ያጣውም እሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ የተረፈን ምንድን ነው? የተዘጋ ደብተር። መግለጥ የሚያስነጥቅ ከሆነ ብልህ ሰው አይገልጥም። ሕጉም ይህንኑ ያስተምረናል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒውተር ሥርዓት የገባን ይቀጣል። ዝርዝርህን በይለፍ ቃል ቆልፈህ ከያዝከው ቁልፉን የሰበረ ወንጀለኛ ነው፤ ለሰው ይጥቀም ብለህ ከለጠፍከው ግን የወሰደው ሁሉ ጨዋ ነው። ቁልፉ ከለፋህበት ነገር ይልቅ ተከበረ። እናም ደላላው ደብተሩን ብብቱ ሥር ይዞ ይዞራል። ሰብሳቢው ለልጁ እንኳ አያሳይም። የባጃጅ ማኅበሩ መዝገብ ሊቀመንበሩ ቤት ነው። ሰውየው የሞተ ቀን ደብተሩም አብሮት ይሞታል፤ ልጆቹ ሲያገኙት ምልክቱን ማንበብ አይችሉም።

ከዚያ ሁላችንም እንደገና ከአንድ እንጀምራለን። አዲስ ፋርማሲ የሚከፍተው ሐኪም ቤቶችን በእግሩ ይቆጥራል። ዕርዳታ ድርጅት ሲመጣ ቤት ለቤት ይቆጥራል፣ ሪፖርቱን ይዞ ይሄዳል። በዓመቱ ሌላው መጥቶ ያንኑ ቤት ይቆጥራል። ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ያንኑ ገበሬ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ገበሬው መልሱን በቃሉ ይዞታል፣ ጥያቄው ሳያልቅ ይመልሳል። አንድ ሥራ ስንቴ ይሠራል? ሌባውን ብቻ የምንረግም እንመስላለን እንጂ የሚያደኸየን ይኸኛው ነው። የተሰረቀ ዝርዝር ቢያንስ ሰው እጅ ይገባል። የተደበቀው ግን ማንንም ሳይጠቅም ያረጃል።

ታዲያ ምን ይሁን? ብዙ አልጠይቅም፤ መጠየቅም ሰልችቶኛል። አንደኛ፣ ለነጋዴና ለነጋዴ ጠብ አዲስ ሕግ አያስፈልግም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሐቀኝነት የጎደለውን፣ የተፎካካሪን የንግድ ጥቅም የሚጎዳን ድርጊት ይከለክላል። የሌላውን ዝርዝር እንዳለ ወስዶ ስሙን ፍቆ በዚያው ገበያ መሸጥ ከዚህ በላይ ምን ይሆናል? የቅጅ መብቱን «ወጥ ነው፣ አይደለም» ጭቅጭቅ ትተን በዚህ በር ብንገባ ጉዳዩ ከላብና ከሐቀኝነት ጋር ይገናኛል። ሁለተኛ፣ የሕዝብ ቢሮዎች የራሳቸውን ተራ ዝርዝር በራቸው ላይ ይለጥፉ። የፋርማሲው፣ የወፍጮው፣ የባለፈቃዱ ዝርዝር በይፋ ቢገኝ ግማሹ ስርቆት ምክንያት ያጣል፤ ሁሉም ያለውን ማን ይሰርቃል? ሦስተኛ፣ ሰውን ወደ ዝርዝር ስናስገባ አንድ ጥሪ እናድርግ፤ «ቁጥርህን ላውጣው ወይ?» እንበል። ሙሐመድ ሰንጋ እምቢ የሚል አይመስለኝም፤ ነጋዴ ነው፣ ገዢ ይፈልጋል። የማይፈልገው የሌሊቱን ነው።

አራተኛው ሕግ አይጠይቅም፣ ዳኛም አይጠይቅም። ስትገለብጡ ከግርጌ ያለውን ስም አትፍቁ። አንድ መስመር ናት፤ ቦታ አትፈጅም፣ ካርድ አትበላም። «አጠናቃሪው እገሌ ነው» ማለት ምን ያስቸግራል? «ባለቤቱን አናውቀውም» እንዳትሉኝ ብቻ። አንድ ቁጥር ተሳስቶ የሰንጋ ገዢ ቡና አፍዪ ዘንድ የደወለ ቀን ባለቤቱ ወዲያው ይታወቃል። ቁርስ ሳይበላ ይደወልለታል፤ «ያወጣኸው ቁጥር ውሸት ነው፣ አስተካክል!» ይባላል። ለስድብ ሲሆን ስልኩ ከማናችንም የማይጠፋው ሰው፣ ለስሙ ሲሆን የሚጠፋብን ለምንድን ነው?